የጋሼ ኸድር አሥራ ሁለት ምርጫዎች

ጋሼ ኸድር መጀመሪያ ወደ ቤቴ የመጡት ዱላ ይዘው ነው። ሸዋ ሮቢት ላይ ጌም ቤት የከፈተ ሰው በዱላ አይደነግጥም። እናት ስትመጣ ወንበር እሰጣታለሁ፤ አስተማሪ ሲመጣ ዝም ብዬ እሰማዋለሁ። አባት ዱላ ይዞ ሲመጣ ግን በሩ ላይ እቆምና ስም እጠይቃለሁ፤ ስም እስኪነግረኝ ንዴቱ ግማሽ በግማሽ ይበርዳል። አምስት ዓመት በዚህ ዘዴ ሠርቻለሁ፣ እስካሁን አላሳፈረኝም።

«ማንን ልጥራልዎ ጋሼ?»

«የጠፋ ልጅ።»

«እዚህ ውስጥ ያልጠፋ የለም። ስሙን ይንገሩኝ።»

«ሙጂብ።»

ይህን ጊዜ ቀልዴን ተውኩ። ሙጂብ ሃያ አራት ዓመቱ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ማሽላ ሲጠብቅ ከማማው ወርዶ፣ ለማንም ሳይናገር፣ በአፋር በኩል አድርጎ የመን ገባ። ሳዑዲ ሳይደርስ ተይዞ ተመለሰ። ከተመለሰ ሰባት ወር ሆነው፤ በቀን አሥር ቃል አይናገርም። ጠዋት ልከፍት ስመጣ ደጃፌ ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ፤ ጥግ ያለውን ማሽን ይይዛል፤ ስዘጋ ይወጣል። ሌላው ሁሉ ኳስ ሲጫወት እሱ የተኩሱን ጌም ብቻ ነው የሚነካው። ያሻገረው ደላላ ደግሞ እንደገና አግኝቶታል። ከአሥራ አራት ቀን በኋላ፣ አርብ ጠዋት፣ መኪና እንደሚነሣ የባጃጅ ተራው ሁሉ ያውቅ ነበር።

ጋሼ ኸድር አልፈውኝ ገቡ። ሙጂብ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ዱላው ወደ ላይ ሲነሣ አይቼ «ቢስሚላህ» አልኩ። ግን አልወረደም። ሽማግሌው ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ቀርቶ ነበር። የሙጂብ ወታደር ድልድይ ሥር ቆሞ ወደፊት ይተኩሳል፤ ከኋላው ሦስት ሰዎች መጥተው ጣሉት። ስክሪኑ ቀላ።

«ከኋላህ ሲመጡ አልሰማህም?» አሉ።

ሙጂብ ዞሮ አባቱን አየ፣ ዱላውንም አየ። «ጨዋታ ነው አባ።»

«ጨዋታ መሆኑማ ይታየኛል። አልሰማህም ወይ ነው ያልኩህ።»

እውነትም አልሰማም። ድምፁን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ይህች ከተማ እውነተኛውን ተኩስ ጠግባለች፤ ቤታቸው ተቃጥሎባቸው ከአጣዬ የመጡ ጎረቤቶች አሉኝ፣ በግድግዳ በኩል የጥይት ድምፅ እንዲሰሙ አልፈልግም። ይህን ሳስረዳቸው ጋሼ ኸድር ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደግ አድርገሻል» አሉኝና ዱላውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ከልጃቸው አጠገብ ተቀመጡ።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። አንድ ወታደር ብቻውን ነው። በአሥራ ሁለት ምዕራፍ አሥራ ሁለት ቦታ ይጠብቃል፤ ድልድይ አለ፣ የውሃ ጉድጓድ አለ፣ ጎተራ አለ፣ መጨረሻው ወፍጮ ቤት ነው። መኪና መጥቶ እስኪያነሣው ድረስ ጠላት ከየአቅጣጫው ይመጣበታል። እያንዳንዱን ምዕራፍ ከመጀመሩ በፊት አንድ ነጥብ ይሰጠዋል፤ በነጥቡ አንድ ችሎታ ይመርጣል። የሚመረጠው ከሠላሳ በላይ ነው፣ የሚደርሰው አሥራ ሁለት ብቻ። አንዴ የተመረጠ አይመለስም። በከባዱ ደረጃ ደግሞ ሁለት ጥይት ይበቃል፤ የሞተ ሰው የሠራው ሁሉ ተሰርዞ ከአንድ ይጀምራል። ልጆቹ ይህን ደረጃ «ጀሀነም» ይሉታል። ረመዳን ላይ ስሙን እንዳይጠሩት ከልክያለሁ።

በእኔ ቤት ጀሀነም ላይ ከአራተኛው ምዕራፍ ያለፈ ሰው አልነበረም። ሁሉም የሚመርጡት አንድ ነው፤ ትልቁን ጠመንጃ፣ ወፍራሙን ጥሩር፣ ከዚያ ደግሞ ትልቁን ጥይት። ትልቁ ጠመንጃ ይጮሃል፣ ጩኸቱ ብዙ ጠላት ይጠራል፣ ብዙው ጠላት ይገድላቸዋል። ከዚያ ማሽኑን ይሰድቡታል። ሙጂብም እንደ ሌሎቹ ነበር፣ ስድቡ ብቻ ይቀረዋል።

«ችሎታ ያላችሁትን አንብቢልኝ» አሉኝ ጋሼ ኸድር።

በእንግሊዝኛ የተጻፈውን እያየሁ በአማርኛ ነገርኳቸው። በሬ ሊገዛ እንደመጣ ሰው ነው የሰሙኝ፤ አንዱን ያልፋሉ፣ አንዱን «ድገሚው» ይላሉ፣ አንዱ ላይ ደግሞ «እሱ ለጌጥ ነው» ብለው ይተፋሉ። ስጨርስ ወደ ሙጂብ ዞሩ።

«አርብ ትሄዳለህ አሉ።»

«እሄዳለሁ።»

«ማሽላው እኮ ወተት ቋጥሯል። ግሪሳ ወርዷል።»

«ማሽላ ለእኔ ምኔ ነው አባ?»

አሁን ዱላው ይነሣል ብዬ ስጠብቅ ሽማግሌው በጣታቸው ስክሪኑን አመለከቱ። «ይህን ነገር ጨርሰኸው ታውቃለህ?»

«እዚህ ማንም ጨርሶት አያውቅም።»

«እንግዲያው እኔ ልምረጥ፣ አንተ ተኩስ። በመረጥኩልህ ልትሄድ ቃልህን ስጠኝ። ከጨረስነው አርብ አትሄድም፤ ደላላህን ትተወዋለህ። ከሞትክ ትሄዳለህ፤ እኔም ዱዓ አድርጌ እሸኝሃለሁ። እንደ ባለፈው ተደብቀህ አትወጣም።»

ሙጂብ ሳቀ። በሰባት ወር ውስጥ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ይስቅ እንጂ ምን ይሁን? በአራተኛው ምዕራፍ ነጻ እንደሚወጣ ያውቃል። «እሺ» አለ።

«ጋሼ፣ ቁማር ሐራም ነው» አለ አንዱ የኳስ ተጫዋች፣ ሊያሾፍ።

«ሐራሙ ንብረት ሲያዝ ነው» አሉ ጋሼ ኸድር። «እኔ ያስያዝኩት ልጄን ነው።»

ልጁ ወደ ኳሱ ተመለሰ።

ከሮቢት ወንዝ ማዶ ስለ ጋሼ ኸድር የምትጠይቁት ሰው ሁሉ የሚነግራችሁ ስለ ማሽላ ጥበቃ ነው። እዚህ ቆላ ማሽላ ወተት ሲቋጥር ግሪሳ ይወርዳል። ግሪሳ ትንሽ ወፍ ነው፣ ብቻውን ሲታይ ያሳዝናል። በመንጋ ሲመጣ ግን ሰማዩን ያጨልመዋል፤ ካረፈበት ማሳ ላይ በሁለት ቀን ውስጥ አገዳ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ማሳው መሃል የእንጨት ማማ ይቆማል፣ ጠባቂው ወንጭፍና ጅራፍ ይዞ ይወጣል። ከንጋት እስከ ረፋድ፣ ከአስር ሶላት እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ ሲጮህና ሲወነጭፍ ይውላል። ቀትር ላይ ሙቀቱ ወፉንም ያሸንፈዋል፤ ግራር ላይ ወጥቶ ያርፋል። ጋሼ ኸድር ወደ እኔ ቤት መምጣት የቻሉት በዚህች የቀትር ዕረፍት ነው።

ማማ ላይ የወጡት በሰባት ዓመታቸው ነው፤ አሁን ስልሳ ሦስት ሆነዋል። የዘመናዊ ትምህርት ደጃፍ አልረገጡም፣ ቁርኣን ግን ተምረዋል። ሦስት ሴቶች አሳድገው ድረዋል፣ ሙጂብ የመጨረሻ ልጃቸው ነው። ዝናብ በቀረበት ዓመት፣ የደረሰው ማሽላ ጥቂት፣ ወፉ ደግሞ ብዙ በነበረበት ጊዜ፣ ወባ ይዟቸው እየተንቀጠቀጡ አሥራ ዘጠኝ ቀን ከማማ አልወረዱም ይባላል። ባለቤታቸው እትዬ ዘይቱና ምግቡንም መድኃኒቱንም በገመድ ትልክላቸው ነበር። ያን ዓመት የእሳቸውና በግራ በቀኝ ያሉት ማሳዎች ተረፉ። ሰው ሊያመሰግናቸው ሲመጣ «የጮህኩት ለራሴ ነው፣ እናንተ ጋ የሰማው ወፉ ነው» አሉ አሉ። እኔ እንዲህ ያለ ሰው እወዳለሁ።

ዓይናቸውን ጨፍነው መንጋው ከየት በኩል እንደሚነሣ ይናገራሉ። ድንጋያቸውን ከወንዙ በየመጠኑ ለቅመው ይከምራሉ፤ ለቅርብ ትንሹ፣ ለሩቅ ትልቁ። ወፍ ለመግደል ግን አይወነጭፉም። ይህን ራሳቸው ነግረውኛል። «አንዱን ብትገድይ ሌላው አያውቅም። ያረፉበትን ቅርንጫፍ ብትመቺ ግን ሁሉም ያውቃሉ» አሉኝ።

ሙጂብ የጠፋ ቀን ምሳውን ይዘውለት የሄዱት እሳቸው ናቸው። ማማው ባዶ ነበር፣ ወንጭፉ ተሰቅሏል። ይህን የነገረችኝ እትዬ ዘይቱና ናት። ምሳውን ራሳቸው በሉት፣ ወጡ፣ ወንጭፉን አነሡ፤ ማሽላው እስኪታጨድ ድረስም ብቻቸውን ጠበቁ። የልጃቸውን ስም አንድ ቀን አልጠሩም አለችኝ። እሷ ይህን ስትነግረኝ አለቀሰች፣ እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

እና ከውሉ በማግስቱ ቀትር ላይ መጥተው የመጀመሪያውን ነጥብ ያወጡት ጆሮ ላይ ነው። ከግድግዳ ማዶ ያለ ኮቴ የሚያሰማ ችሎታ ነበር፤ ልጆቹ ለዓመታት ሳያዩት ሲያልፉት ኖረዋል።

«ጋሼ፣ ጠመንጃው ይሻላል» አለ አንዱ።

«ወዴት እንደሚተኮስ ሳታውቅ ጠመንጃ ምን ያደርግልሃል?»

ድምፁን እንዳልከፍት ጎረቤቶቼ አሉ፣ እንዳልዘጋ ጆሮ ያለ ድምፅ ከንቱ ነው። ከመሳቢያዬ የስልክ ማዳመጫ አወጣሁና ጆይስቲኩ ላይ ሰካሁላቸው። ግራውን ሙጂብ ወሰደ፣ ቀኙን ጋሼ ኸድር። ገመዱ አጭር ስለሆነ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው መቀመጥ ነበረባቸው። ሰባት ወር በአንድ ቤት ውስጥ ተራርቀው የኖሩ አባትና ልጅ ናቸው፤ መጀመሪያ ላይ ሁለቱም እንጨት ሆነው ነበር። ከዚያ ጠላት በቀኝ ሲመጣ ለጋሼ ኸድር ብቻ ይሰማል፣ በግራ ሲመጣ ለሙጂብ ብቻ።

«በእኔ በኩል» ይላሉ ሽማግሌው። ሙጂብ ይዞርና ይተኩሳል።

«አሁን በእኔ ነው አባ።»

«ቆይ፣ አትተኩስ። ይቅረቡ።»

በቀን አንድ ምዕራፍ እየሄዱ፣ ሁለተኛው ነጥብ ጥይት መያዣ ኪስ ላይ ወጣ። «ድንጋይ ሳይለቀም ማማ አይወጣም» አሉ። ሦስተኛው ሌላ ቦታ ድምፅ የሚያሰማ ጠጠር መወርወር ነበር፤ እሱን ሳነብላቸው ፊታቸው በራ፣ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። አራተኛው ጥይት ቶሎ መሙላት። ወፍራሙን ጥሩር በየቀኑ አነብላቸዋለሁ፣ በየቀኑ ያልፉታል። «እሱ መመታቱን ለወሰነ ሰው ነው።»

አራተኛውን ምዕራፍ ያለፉ ዕለት ቤቱ በጩኸት ሊፈርስ ነበር። ሙጂብ አልጮኸም፤ አባቱን በጎን አየ። ያን ጊዜ ነው እንደ ደነገጠ የገባኝ። ቀላል የመሰለው ውል ቀላል አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ኳስ የሚጫወት ጠፋ። ቀትር ሲሆን ወጣቱ ሁሉ እነሱ ጀርባ ይቆማል፣ ላቡ ያንጠባጥባል። ያለችኝን አንዲት ማራገቢያ ማሽኑ እንዳይግል ወደ ማሽኑ አዞርኳት፤ «ሰውስ?» ሲሉኝ «ሰው ሲግል አይጠፋም» አልኳቸው። ጋሼ ኸድር አስር ሲደርስ ግን በመሃል ይሁን በመጨረሻ ይነሣሉ። ሶላታቸውን ሰግደው ባጃጅ ይሳፈራሉ፣ ወደ ማማቸው። አንድ ጊዜ ሰባተኛውን ሊያልፉ ሁለት ደቂቃ ሲቀራቸው ማሽኑን በቆመበት አስቁመው ሄዱ። ሰው ሁሉ ተቆጣ። «ወፉ የእናንተን ሁለት ደቂቃ አያውቅም» አሉ።

እኔ ጠረጴዛዬ ከእነሱ ጎን ነው፣ የማይሰማ ነገር እሰማለሁ። በጨዋታው ውስጥ ጠላት እስኪመጣ የሚጠበቅባት ጊዜ አለች፤ አንዳንዴ ሦስት ደቂቃ፣ አንዳንዴ አምስት። በስድስተኛው ምዕራፍ፣ ጎተራ ውስጥ በጨለማ ሲጠብቁ፣ ሙጂብ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ «እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ነው የዘጉብን» አለ።

ጋሼ ኸድር አልዞሩም። «ስንት ሆናችሁ?»

«አርባ። መስኮት የለውም።»

«በእኔ በኩል ኮቴ አለ» አሉ ሽማግሌው። ሙጂብ ተኮሰ። እንደገና ጸጥ ሲል «ከዚያስ?» አሉት።

እንዲህ እንዲህ እያለ በየምዕራፉ ትንሽ ትንሽ ነገራቸው። የሞተውን ጓደኛውን፣ የጠጣውን ውሃ፣ ብር ለማስላክ በስልክ አስደውለው ሲደበድቡት እናቱ እንዳትሰማ አፉን መንከሱን። ለእኛ ለማንም ያልተናገረውን ነው። አባቱ አንድ ጊዜ «ነግሬህ አልነበረም?» ሲሉት አልሰማሁም። የእኔ አባት ቢሆን ከመጀመሪያው ቃል በፊት ይላት ነበር። እሳቸው የሚሉት «ከዚያስ?» ብቻ ነው። አንድ ሰው ዕድሜውን ሙሉ በጆሮው ሲሠራ ኖሮ፣ ጆሮውን ለልጁ እንዲህ ሲያውለው ማየት ትልቅ ነገር ነው። ይህን ስላየሁ ብቻ ጌም ቤት በመክፈቴ አልቆጭም።

አሥራ አንደኛው ምዕራፍ ረቡዕ አለቀ። ሐሙስ አሥራ ሁለተኛው ነው፤ በማግስቱ አርብ።

ሐሙስ ቀትር ቤቴ እግር መጣያ አልነበረውም። ከደብረ ሲና ድረስ ብርዱን ትተው ለማየት የወረዱ ነበሩ። ልጆቹ ጋሼ ኸድርን «ፕሮፌሰር» ይሏቸዋል፤ ከሌላ ጌም ቤት የመጣ አንድ ልጅ በወረቀት ምርጫቸውን በተራ ጽፎ ፈርሙልኝ አላቸው። እሳቸውም፣ ሰው ናቸውና፣ ደስ ብሏቸዋል። ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

የቀሩትን አነበብኩላቸው። ሁለቱ ላይ አቆሙኝ። አንዱ ከተከፈተበት ተኩስ ፈጥኖ ሮጦ የሚያመልጥበት ነው። ሌላው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ሲወጣ አካባቢውን ሁሉ የሚያሳየው፣ ሩቅ የሚያስመታው።

«ሁለተኛው» አሉ።

እኔ አውቅ ነበር። ሌሎች ሲጫወቱት በስልኬ አይቻለሁ፤ ይህን ደረጃ የጨረሱት በሙሉ ሩጫውን ነው የመረጡት። «ጋሼ ኸድር፣ ሩጫው ቢሆን...» አልኩ።

«ጠባቂ አይሮጥም ልጄ። የጠባቂ ቦታው ማማ ነው።»

ቤቱ ሁሉ «ፕሮፌሰሩ ያውቃሉ!» አለ። አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት መጽሐፍ አጠበች ይባላል፤ ሆኖም እኔም ከዚያ በላይ ልከራከር አልደፈርኩም። አሥራ አንድ ጊዜ ልክ ለሆነ ሰው ምን ይባላል? ሙጂብም ያን ቪዲዮ እንዳየ በኋላ ነግሮኛል። ለምን ዝም እንዳለ ስጠይቀው «አሥራ አንዱን ተቀብዬ አንዱን ልመልስባቸው?» አለኝ። ያን ጊዜ ግን ቁልፉን ተጫነ።

ወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ላይ የውሃ ታንከር አለ። ሙጂብ ወጣ። ሁሉም ይታያል፤ መንገዱ፣ ገደሉ፣ የፈረሱት ቤቶች። ለሩብ ሰዓት ያህል እንደዚያ ያለ ጨዋታ አይቼ አላውቅም። ጋሼ ኸድር ይሰማሉ፣ ሙጂብ ያያል፣ ጠላት ገና ከጥጉ ብቅ ሲል ይወድቃል። ስክሪኑ ጥግ ላይ መኪናው ሊደርስ አራት ደቂቃ ይላል። ሦስት ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ ከአርባ።

አንድ ጥይት። ሁለት። ከየት እንደመጣ የሰማ የለም። ስክሪኑ ቀላ፤ ከዚያ ጠቆረ፤ ከዚያ የተመረጡት አሥራ ሁለቱ ችሎታዎች አንድ በአንድ ጠፉና ባዶ ሆነ።

ጋሼ ኸድር ማዳመጫውን ከጆሯቸው አላወጡም። «ማነው የመታህ?»

«ከሩቅ ነው አባ። ከፈረሱት ቤቶች መሃል።»

«ከታች ሆነው ማማ ላይ ያለን ሰው ይመታሉ?»

«ይመታሉ።»

ለረጅም ጊዜ ስክሪኑን አዩት። «ሃምሳ ስድስት ዓመት ማማ ላይ ወጥቻለሁ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «የተኮሰብኝ ወፍ የለም።» ከዚያ ወደ ሙጂብ ዞሩ። «አንተ አልሳትክም። የሳትኩት እኔ ነኝ።»

ወላሂ፣ በዕድሜዬ አንድ አባት ሰው በተሰበሰበበት ለልጁ እንዲህ ሲል ሰምቼ አላውቅም። እኔ ብሆን መብራቱን፣ ማሽኑን፣ የቤቱን ባለቤት እወቅስ ነበር። አንድ ልጅ ከኋላ «ጋሼ፣ ይህ አይቆጠርም፣ ሁለት ደቂቃ ነው የቀረው» አለ። ሌሎችም ተቀበሉት፤ ሁሉም ለእሳቸው መውጫ ቀዳዳ ሊሠራላቸው ፈለገ። እኔም ራሴ «አዎ፣ አይቆጠርም» አልኩ።

«ይቆጠራል» አሉ።

ተነሡና እጃቸውን ዘረጉ። ሰው ሁሉ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ እጁን ዘረጋ። ዱዓውን ጀመሩ። «አላህ መንገዱን ያቅናልህ። በረሃው ላይ ውሃ አያሳጣህ። ባሕሩን ያርጋልህ። ከክፉ ሰው እጅ ይሠውርህ። ከታመምክ አስታማሚ ይስጥህ። በሄድክበት ሰው ይውደድህ። እኔ ያልሰጠሁህን አላህ ይስጥህ።» በእያንዳንዱ ላይ አሚን እንላለን። የመጨረሻዋ ላይ የእኔ አሚን አልወጣም።

ፊታቸውን በመዳፋቸው አበሱ። ሙጂብን ራሱ ላይ ሳሙት። በሰው መሃል አልፈው ወጡና ከደጄ ቆመው ባጃጅ መጠበቅ ጀመሩ፤ አስር ሊደርስ ነበርና።

ሙጂብ ጆይስቲኩን እንደያዘ ቀረ። አሸንፏል፤ የፈለገውን አግኝቷል፣ ከነምርቃቱ። ማንም ግን እንኳን ደስ አለህ አላለውም። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠች። ስሙን አየሁት፣ ደላላው ነው። ሊያነሣ እጁን ዘረጋ፣ ተወው፣ ጠራች፣ ጠራችና ቆመች። እንደገና ጠራች። አነሣና ወደ ደጁ ወጣ። እኔም፣ ላልዋሽ፣ ተከትዬው ወጣሁ።

አባቱ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ደሴ መንገድ ያያሉ። ሙጂብ ከኋላቸው ሦስት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ቆመ።

«አቤት» አለ በስልኩ። «አዎ፣ ሙጂብ ነኝ። ... የለም። ... አልመጣም። ... ምንም አልሆንኩም፣ አልታመምኩም።» ከወዲያ ማዶ ሰውየው ይጮሃል። «አልመጣም አልኩህ እኮ። ግሪሳ ወርዷል።» ዘጋው።

ጋሼ ኸድር አልዞሩም። ትከሻቸው ግን ሲወርድ አየሁ።

«በውላችን መሄድ ትችላለህ» አሉ፣ መንገዱን እያዩ። «መርቄሃለሁ። አልቀየምህም።»

«አውቃለሁ አባ።» አንድ እርምጃ ቀረበ። «አንቱ ሲከለክሉኝ መሄድ ቀላል ነበር።»

ሽማግሌው ያን ጊዜ ዞሩ። ያቅፉታል ብዬ ነበር፤ እኔ አልቅሼ ፊቴን በሻሼ ጫፍ እየጠረግሁ ነው። ባጃጅ መጥታ ፊታቸው ቆመች። ጋሼ ኸድር ገቡ፣ ወደ ጥጉ ጠጋ ብለው በአጠገባቸው ያለውን ቦታ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ።

«ታዲያ ምን አቆመህ?» አሉት። «ግባ እንጂ፣ ወፉ አይጠብቅህም።»